ከዝርዝሩ የቀረው የሳምጣ ማከማቻ

በሕይወቴ ሰው ቁም ነገር ብሎ ያነበበልኝ ጽሑፍ አንድ ብቻ ነው፤ አራት ገጽ ነው። አረብ አገር፣ አቡ ዓሪሽ ውስጥ በሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ ሰርቨር ላይ የሚሠሩት ፕሮግራሞች ዕቃቸውን የት የት እንደሚያስቀምጡ የምትዘረዝር የአንዲት ትንሽ መሣሪያ መመሪያ ነው። በአረብኛ ጻፍኩት። ከሁለተኛው ገጽ አንዲት ቃል በቀር የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው። ያቺ ቃል ግን ውሸት ናት፤ ውሸት መሆኗን እያወቅሁ ነው የጻፍኳት። አዝኖልኝ ሊያነብ የተነሳ ካለ ከአሁኑ ይተወኝ።

ለማያውቀው ሰው ነገሩ ቀላል ነው። ሰርቨር የምንለው አንድ ጠንካራ ኮምፒውተር ነው። በላዩ ላይ ብዙ ፕሮግራም ይሠራል፤ አንዱ ቀጠሮ ይይዛል፣ አንዱ የላቦራቶሪ ውጤት ይመዘግባል፣ አንዱ የራጅ ምስል ያስቀምጣል። ፕሮግራሙ ራሱ ቢበላሽ ግድ የለም፤ መልሶ መጫን ነው። የማይተካው ያስቀመጠው ነገር ነው። ያ ደግሞ የሚኖረው ለብቻው በተለየለት ማከማቻ ውስጥ ነው። ፕሮግራሙ ሲነሳ ከማከማቻው ጋር ይታሰራል፣ ሲቆም ይፈታል። ቤትና ጎተራ ማለት ነው፤ ካልነገሩህ የትኛው ጎተራ የየትኛው ቤት እንደሆነ አታውቅም። የማከማቻዎቹ ስም ደግሞ ፊደልና ቁጥር የተደበላለቀበት ስለሆነ አይቶ የማን እንደሆነ የሚለይ የለም።

መሣሪያዋ የምትናገረው ይህንኑ ነው። አንድ አጭር ትእዛዝ ትጽፍላታለህ፤ እሷ በየመስመሩ የፕሮግራሙን ስም፣ የማከማቻውን አድራሻና ማንበብ ብቻ ነው ወይስ መጻፍም ይቻላል የሚለውን ደርድራ ታሳይሃለች። አንድ ጠባይ ግን አላት። የምትዘረዝረው አሁን ሥራ ላይ ያሉትን ብቻ ነው። የቆመ ፕሮግራም ማከማቻ መኖሩም ትዝ አይላትም። የቆሙትንም እንድትጨምር ከፈለግህ በትእዛዙ ጫፍ ላይ አንዲት ቃል መቀጠል አለብህ። ያቺን ቅጥያ በክሊኒኩ ውስጥ የማውቃት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሁሉም ሰው ሙሀንዲስ ይለኝ ነበር፤ መሐንዲስ ማለታቸው ነው። ኢቃማዬ ላይ ግን፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዴ ላይ፣ ሙያዬ አናጺ ይላል። ደሴ ኮምፒውተር ተምሬ ነበር፤ የተገኘው ቪዛ ግን የአናጺ ስለሆነ በአናጺ ስም ገባሁ። ከፊሌ፣ ያስመጣኝ አሠሪ፣ አቡ ዓሪሽ ላይ የበርና የመስኮት ሥራ ቤት ያለው ሰውዬ ነው። መጋዝ ስይዝ አይቶ ተስፋ ቆረጠ መሰለኝ፣ አንድ ቀን የወዳጁ ክሊኒክ ማተሚያ ማሽን ተበላሽቷልና ሂድ እየው ብሎ ላከኝ። በዚያው ቀረሁ። አምስት ዓመት።

ክሊኒኩ ድንበሩ አጠገብ፣ ሳምጣ ላይ ቅርንጫፍ ነበረው፤ በሳምንት አንድ ቀን እሄዳለሁ። ከድንበሩ ማዶ ጦርነት ከተነሳ ወዲህ መንገዱ ኬላ በኬላ ነው። ወታደሩ ኢቃማዬን ያነባል፣ ጭኔ ላይ ያለውን ኮምፒውተር ያያል፣ ይስቃል። ከደቡብ የመድፍ ድምፅ ሲመጣ ወሬያችንን እናቆምና እናዳምጣለን፣ ከዚያ ካቆምንበት እንቀጥላለን። የለመድነው እንደዚህ ነው።

ይህ ሁሉ የሚነካቸውን ሰውዬ የተዋወቅኋቸው ሳምጣ ነው። የወረባቦ ሰው ናቸው፣ ሃምሳውን የተሻገሩ፣ አል-ሙወሰም አጠገብ በአንድ መዝረዓ በግ የሚጠብቁ። መዝረዓ እርሻው ነው። ያን ቀን ከፊላቸው በፒካፕ ጀርባ፣ በመኖ ጆንያ ላይ በግንባራቸው አስተኝቶ አመጣቸው። የመድፍ ፍንጣሪ ነው። አረብኛቸው የበግ አረብኛ ነው፤ ብላ፣ ጠጣ፣ ግባ፣ ውጣ። ሐኪሙ አስተርጓሚ ፈለገ፤ ከኬብሎቼ መሐል አስነሥተው ወሰዱኝ።

«በጎቹ ከበረቱ ገብተዋል ወይ በለው» አሉኝ መጀመሪያ።

ራጅ ሲነሱ እንዳይንቀሳቀሱ ትከሻቸውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሐኪሙ ምስሉን አየና ቀስ ብሎ እየተናገረ አስተረጎመኝ። ብረቷ አከርካሪው ጥግ ላይ አርፋለች። አሁን ለማውጣት መሞከር ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል። ግን እንዲህ ያለ ነገር አንዳንዴ ከቦታው ይሄዳል። አንድ ቀን እግራቸው ቢደነዝዝ አዲስ ራጅ ይነሡና ከዚህኛው ጋር ይተያያል። ተንቀሳቅሳ ከሆነ ሳይውል ሳያድር ትወጣለች፤ ካልተንቀሳቀሰች ግን ሰበቡ ሌላ ነውና ማንም እንዳይነካት። «ይቺ ምስል ለእሳቸው ከመድኃኒት ትበልጣለች፤ ይህን በደንብ ንገራቸው» አለ።

ነገርኳቸው።

«የት ነው የምትቀመጥ?» አሉ።

«እኔ ጋ ናት ጋሼ፤ አትጠፋም።»

ለሕመምተኛ ኮፒ በሲዲ ይሰጥ ነበር። ያን ቀን ባዶ ሲዲ አልቆብን ነበርና ሳምንት ይዤልዎት እመጣለሁ አልኳቸው። ሳምንቱ ሳይደርስ ከክሊኒኩ ሁለት መንገድ ወዲያ ተመታና ቅርንጫፉ ተዘጋ። የቅርንጫፉን ኮምፒውተር በብርድ ልብስ ጠቅልዬ በፒካፕ አቡ ዓሪሽ አመጣሁት። ያለውን ሁሉ ወደ ትልቁ ሰርቨር ገለበጥኩና ለሳምጣ ምስሎች የራሳቸውን ማከማቻ ሠራሁ። መገልበጡን ለማረጋገጥ የከፈትኳት የመጀመሪያዋ ምስል የእሳቸው ናት። አከርካሪው አለ፣ ከጎኑ እንደ ስንዴ ፍሬ ያለች ነጭ ነገር አለች። ደስ አለኝ። ከዚያ የሳምጣን ፕሮግራም አቆምኩት፤ ቅርንጫፍ በሌለበት ማን ይጠቀምበታል። የሳምጣውንም አሮጌ ኮምፒውተር ውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፍቼ ለእንግዳ መቀበያው ሰጠሁ። እስከዚህ ድረስ ሥራዬ እንከን አልነበረውም።

ሰውዬው ቁስላቸው ሽሮ ወደ በጎቻቸው ተመለሱ። አርብ አርብ መኪና ካገኙ አቡ ዓሪሽ ብቅ ይላሉ፤ ሻይ እንጠጣለን። ምስሏ እኔ ጋ ናት ብለን የሲዲውን ነገር ሁለታችንም ረሳነው። «አናጺው ሙሀንዲስ» እያሉ ያበሽቁኛል። ሲሰናበቱኝ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አላቸው፤ አገር ቤት ያለ ዘመድ እንደሚጠየቅ።

«ስዕሌ ደህና ናት?»

«ደህና ናት ጋሼ።»

ከዕለታት አንድ ቀን ሙዲሩ፣ የክሊኒኩ ኃላፊ፣ ቢሮው አስጠራኝ። ፊቴን አያይም፤ ያን ጊዜ ገባኝ። ቁጥጥር መጥቷል፣ አናጺ ሰርቨር ክፍል ውስጥ ቢያዝ ቅጣቱ ለሁላችንም ነው፣ በቦታህ የዚህን አገር ዜጋ ቀጥረናል አለኝ። ሕጉን አልከራከርም፤ ወረቀቴ የሚለውንም አውቃለሁ። ያንገበገበኝ ቀጥሎ ያለው ነው። «ከመሄድህ በፊት የምታውቀውን ሁሉ ጻፍልን። በተለይ ያቺን የማከማቻ ነገር፤ ማንም አይገባውም» አለ። ለእንጀራዬ መቁረጫ ቢላዋውን ራሴው ስዬ እንዳቀብል ማለት ነው። «ሐዲር» ብዬ ወጣሁ፤ እሺ ማለት ነው፣ እዚያ አገር ከዚህ ሌላ መልስ የለም።

አብሮኝ የሚኖር አንድ የጄኔሬተር መካኒክ ነበር፣ የአገሬ ልጅ። ስነግረው ሳቀብኝ።

«ሁሉን ልትጽፍላቸው ነው? ምን ነካህ አቦ! መያዣ አስቀር እንጂ።»

መያዣ የሚባለውን እዚያ የኖረ አበሻ ሁሉ ያውቀዋል። ተተኪህን አሠልጥን ስትባል አሠልጥነው፣ አስተምረው፣ መርቀህ አስረክበው፤ አንዲት ነገር ግን በእጅህ አስቀርተህ። ወጥ ቤት ሠራተኛዋ ከቅመሙ አንዱን ትተዋለች። ሾፌሩ መኪናው ቀዝቅዞ አልነሣ ሲል ምን እንደሚደረግ አይናገርም። ያቺ የቀረችው ነገር አንድ ቀን ታስፈልጋለች፤ ያን ቀን ይደውሉልሃል። መካኒኩ ራሱ የሁለተኛው ታንከር አየር እንዴት እንደሚወጣ ሳይናገር ወጥቶ በስምንተኛው ቀን ለምነው መልሰውታል። ይህንን ሲያወራ ደረቱ ይነፋል። ክፋት ነው የሚል አላየሁም። ሌላ ምንም የሌለው ሰው ያለችው ብልሃት ይቺ ነበረች።

መመሪያውን በሦስት ቀን ጻፍኩት። እንዳሳምረው ማንም አላዘዘኝም፤ እኔ ግን አሳመርኩት። አንደኛው ገጽ ማከማቻ ምን እንደሆነ ያስረዳል። ሁለተኛው ትእዛዙን ያሳያል። ሦስተኛው የምትወጣውን ዝርዝር ከነምሳሌዋ መስመር በመስመር ይፈታል። አራተኛው ዲስክ ሲሞላ ምን ምን እንደሚደረግ ይናገራል፦ መጀመሪያ ዝርዝሩን አውጣ፣ ዲስኩ ላይ ካለው ጋር አስተያይ፣ ባለቤት የሌለውን ለይ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ እጄን ሰበሰብኩ። ቅጥያዋን አልጻፍኩም። አለመጻፌ ብቻ ቢሆን ረሳሁ ማለት ይቻል ነበር። እኔ ግን እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ይህ ትእዛዝ በሰርቨሩ ላይ ያሉትን ማከማቻዎች ሁሉ ያሳያል።» ሁሉ። ተተኪዬ ሌላ ነገር እንዳይፈልግ፣ ሲቸግረው ከእኔ ሌላ መሄጃ እንዳይኖረው ብዬ ነው።

የሰውዬው ምስል እዚያ ውስጥ እንዳለች አላሰብኩም ብል ሁለተኛ ውሸት ይሆንብኛል። አሰብኩ። እንዲያውም የተማመንኩት በእሷ ነው። አንድ ቀን እግራቸው ይደነዝዛል፣ ሐኪም ምስሏን ይጠይቃል፣ ክሊኒኩ አገላብጦ ያጣታል፣ ሙዲሩ ስልኩን ያነሣል። በሐሳቤ እሷን ከተደበቀችበት ሳወጣት፣ ሙዲሩ ሲያፍር፣ ሰውዬው ሲመርቁኝ ሳይቀር አየሁ። ያጠፋታል የሚል ሐሳብ ግን አንድ ጊዜም አልመጣልኝም። ባለቤት የሌለውን ለይ ያልኩት እኔው ነኝ፤ የተለየው ነገር ምን እንደሚደረግ ለማሰብ ንዴቴ አላደረሰኝም።

ከዚያ በኋላ የከፊሌ የበር ሥራ ቤት ገባሁ። በአምስት ዓመቴ ኢቃማዬ እውነቱን ተናገረ። መጋዙ ይጮኻል፣ አቧራው ሳንባ ይገባል፣ አውራ ጣቴ በመዶሻ ይጠቁራል። ስልኬን ሸሚዜ ኪስ ውስጥ፣ ልቤ ላይ አድርጌ እውላለሁ፤ በመጋዙ ጩኸት ባልሰማው እንኳ ሲንቀጠቀጥ እንዲታወቀኝ። ሳምንት ሄደ። ወር ሄደ። አርብ ላይ ሰውዬው ሲመጡ ሥራ መቀየሬን ነገርኳቸው፤ አዘኑ፣ ከዚያ እንደ ልማዳቸው ጠየቁኝ።

«ስዕሌሳ? ደህና ናት?»

«ደህና ናት ጋሼ።»

በአራተኛው ወር ይሆናል፣ ከሰዓት በኋላ ሥራ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመው አየኋቸው። አርብ አልነበረም። የግራ እግራቸውን አሸዋው ላይ እየጎተቱ ነው የመጡት።

«ደነዘዘብኝ» አሉ። «ሰሞኑን ጫማዬ ወልቆ እንኳ አይታወቀኝም። ጂዛን ሄድኩ፣ ዶክተሩ የድሮዋን አሺዓ አምጣ አለኝ። እናንተ ክሊኒክ ሄድኩ፣ ፈልገው ፈልገው በስምህ ምንም የለም አሉኝ። ወላሂ፣ አንተን አሰብኩና ልቤ ረጋ። እሱ ነው ያስቀመጣት፣ እሱ ያውቃል አልኩ።»

አሺዓ የሚሉት ራጁን ነው። አሁን የምጽፈው ከሁሉ ያሳፍረኛል፦ ደስ አለኝ። እግራቸውን እያየሁ ደስ አለኝ። የጠበቅሁት ቀን መጣ። ፊቴን ታጠብኩ፣ የሰጋቱራውን አቧራ ከፀጉሬ አራገፍኩ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለበስኩ። መንገድ ላይ «አይስጉ፣ አምስት ደቂቃ ነው» እያልኩ ነበር።

ሰርቨር ክፍሉ ያው ነው፤ ቅዝቃዜውም ድምፁም። አዲሱ ሰው ከወንበሩ ተነሥቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። የሳምጣ ሰው ነው፤ ቤተሰቡ በድብደባው ምክንያት ቤቱን ትቶ አቡ ዓሪሽ ተከራይቶ የሚኖር፣ ጨዋ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ። ልጠላው ተዘጋጅቼ ነበር፤ አልቻልኩም። መመሪያዬን በላስቲክ አስለብጦ ግድግዳው ላይ ሰቅሎታል።

«ያ ሙሀንዲስ አንተ ነህ! እንደዚህ ግልጽ የሆነ መመሪያ አንብቤ አላውቅም» አለኝ።

ቁልፍ ሰሌዳውን ሳብኩና ትእዛዙን ከነቅጥያዋ ጻፍኩት። የሳምጣ ፕሮግራም ወጣ፤ ቆሟል ይላል። ፊት ለፊቱ የማከማቻው አድራሻ ተጽፏል። አድራሻው ላይ ሄድኩ። ምንም የለም። ደግሜ ሄድኩ።

«ይህን የት አደረስከው?» አልኩት።

ሳይደብቅ ነገረኝ፤ የሚደብቀው ነገር እንዳለም አላወቀም። ከሁለት ወር በፊት ዲስኩ ሞልቶ የራጁ ፕሮግራም ቀጥ ብሎ ቆመ። ሕመምተኛ ኮሪደሩን ሞልቶታል። መመሪያዬን አራተኛው ገጽ ላይ ከፍቶ እንዳዘዝኩት አደረገ። ዝርዝሩ ሰባት ማከማቻ አወጣለት፣ ዲስኩ ላይ ግን ስምንት አሉ። ስምንተኛው ትልቅ ነው፣ በዝርዝሩ ላይ ባለቤት የለውም።

«አንተን ልጠይቅ ስልክህን አውጥቼ ነበር» አለኝ። «ከዚያ ለማንኛውም ብዬ መመሪያውን ደግሜ አነበብኩት። ሁሉ ይላል። እንዲህ ተጠንቅቆ የጻፈን ሰው ለምን በሥራው ላይ አስቸግረዋለሁ ብዬ ተውኩት።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ አብረን ታገልን፤ እሱም ምንም ሳይጠይቅ ከጎኔ ተቀምጦ። አልሆነም። በጠፋው ቦታ ላይ የሁለት ወር አዲስ ምስል ተጽፎበታል። የሌላ ሰው ጉልበት፣ የሌላ ሰው ሳንባ።

ሰውዬው ኮሪደሩ ላይ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ሆነው ሁለቱንም ቀን ጠበቁኝ። ወጥቼ ፊታቸው ቆምኩ።

«ጠፍታለች ጋሼ። ማሽኑ ነው ያጠፋት።»

ይዘውት የነበረውን የውሃ ጠርሙስ ዘረጉልኝ።

«ኸላስ፣ በቃ፣ ማሽን ነው፣ ምን ይደረጋል። አንተ እንኳ ስትደክም ዋልህ። አብሽር፣ ጠጣ።»

ጠጣሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ውሃቸውን ጠጣሁ።

ወደ ጂዛን አብሬያቸው ሄድኩ፣ ላስተረጉም። ሐኪሙ አዲሱን ምስል ሰቅሎ በብዕሩ ጫፍ ነጯን ነገር ነካት። «ጥያቄው አንድ ነው። ድሮም እዚሁ ነበረች ወይስ ከሌላ ቦታ መጥታ ነው? መጥታ ከሆነ ነገ እንከፍታለን። ድሮም እዚህ ከነበረች ግን እንደሌላው አከርካሪ ችግር ይታከማሉ፣ በቢላዋ መነካካት ሁለቱንም እግር ሊያሳጣቸው ይችላል።»

«እኔ የድሮዋን አይቻታለሁ» አልኩ ሳላስበው።

ዞሮ አየኝ። «የት ነበረች?»

ዓይኔን ጨፈንኩ። አከርካሪው መጣልኝ፣ የስንዴ ፍሬዋ መጣችልኝ። ከላይ ነበረች? ከጎን?

«ትንሽ ወደ ግራ… ትንሽ ከፍ ያለች መሰለኝ።»

«መሰለኝ ብለኸኝ የሰው ጀርባ አልከፍትም» አለ። አልተቆጣም። ከሦስት ወር በኋላ ሌላ ራጅ ይነሡና ከዛሬው ጋር እናስተያያለን አለ፤ እስከዚያው ኪኒን ጻፈላቸው። በመኪና ስንመለስ ሰውዬው የዚህን ዓመት በግ አወሩልኝ። እኔ ደግሞ እያዳመጥኩ ቆጠርኩ፤ ሦስት ወር።

ሦስት ወር አልጠበቀችም። በሁለተኛው ወር መጨረሻ ግራ እግራቸው ሙሉ በሙሉ ከዳቸው። አዲሱ ራጅ ከቀዳሚው ጋር ሲተያይ ብረቷ ተንቀሳቅሳለች። ሐኪሙ ይህን ሲነግረን ድምፁን ዝቅ አደረገ። ያን ጊዜም ከቦታዋ ተንቀሳቅሳ የመጣች ነበረች፤ አሁን ግን የተጎዳው ነርቭ አይመለስም፣ ብናወጣትም እግሩ አይነሣም። እግር የሌለው እረኛ ለመዝረዓው ምን ያደርግለታል። ከፊላቸው ወደ አገር የመመለሻ ወረቀታቸውን ጨረሰ፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ራሱ ጂዛን ኤርፖርት እንደሚያደርሳቸው ተናገረ።

በዚያ ሳምንት እስክሪብቶ ይዤ ክሊኒኩ ሄድኩ። ሌላ የማስተካክለው ነገር አልነበረኝም፤ ቢያንስ ያቺን ቃል ላጥፋት ብዬ ነው። ለአዲሱ ሰው ትእዛዙ የቆሙትን እንደማያሳይ፣ ቅጥያ እንዳላት ነገርኩት። እያወቅሁ መተዌን አልነገርኩትም። አመሰገነኝ፤ ወዲያው ሁለቱን ትእዛዝ ጎን ለጎን ሞከራቸው። ያለ ቅጥያዋ ሰባት ማከማቻ አሳየችው። ከነቅጥያዋም ሰባት አሳየችው። ለካ ያን ሁለት ቀን ታግለን በተለያየን ማግስት የሳምጣን የቆመ ፕሮግራምም ማከማቻ ስለሌለው ሰርዞታል።

«ተወው፣ አታበላሸው» አለኝ ላስቲኩን እየዳሰሰ። «አሁን እኮ ልክ ነው። ሁሉን ያሳያል።»

እውነቱን ነው። ከዝርዝሩ ውጪ የነበረው ነገር ከጠፋ ዝርዝሩ ሙሉ ነው። እስክሪብቶዬን ኪሴ ከተትኩ። ወረቀቱ ላይ የሚታረም ነገር የለም፤ ውሸቱ የቀረው በእኔና በሰውዬው መሐል ብቻ ነው። በመንገዱ ሁሉ ይህን ሳስብ ሄድኩ፣ ሥራ ቤት ስደርስ እውነቱን ልነግራቸው ቆረጥኩ።

ክራንች እንድሠራላቸው ጠይቀውኝ ነበር። «አናጺ አይደለህ እንዴ» ብለው ሳቁብኝ። ጠንካራ እንጨት ገዝቼ ፋቅሁ፣ የብብቱን ጫፍ በጨርቅ ጠቀለልኩ፣ ቁመታቸውን ሁለት ጊዜ ለካሁ። ከዚያ በፊት ከሠራሁት በርና መስኮት ሁሉ የተሻለ ወጣ።

በሚሄዱበት ቀን ጠዋት ከፊላቸው ፒካፑን ሥራ ቤታችን ደጅ አቆመ። እሳቸው በሩን ከፍተው እግራቸውን ወደ ውጪ አድርገው ተቀመጡ። ክራንቹን ሰጠኋቸው። ዳሰሱት፣ አገላበጡት፣ «ማሻአላህ፣ እጅህ ይባረክ» አሉኝ። ያን ጊዜ ነገርኳቸው። ማሽኑ አይደለም፣ እኔ ነኝ አልኩ። መያዣውን ነገርኳቸው፣ ቃሏን ነገርኳቸው፣ እንዲደውሉልኝ ብዬ እንደሆነ ነገርኳቸው። በአማርኛ ስለሆነ ከፊላቸው አልገባውም፤ ስልኩን እየነካካ ጠበቀን።

ሰውዬው ክራንቹን ጭናቸው ላይ አጋደሙት። ከደቡብ በኩል ድም አለ፤ ሁላችንም ቀና ብለን አዳመጥን፣ አለፈ።

«ደውለውልህ ቢሆን ኖሮ ይመልሱህ ነበር?» አሉ።

«አላውቅም ጋሼ።»

«አርብ አርብ ስጠይቅህ ግን፣ እንደደበቅሃት ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

ሌላ አልጠየቁኝም። አልሰደቡኝም፣ አልረገሙኝም፤ ይቅር አልኩህም አላሉም። «ያላ» አሉት ከፊላቸውን። እኔ ሳልደግፋቸው እግራቸውን በእጃቸው አንሥተው ወደ መኪናው አስገቡ። ክራንቹ ጭናቸው ላይ ነበር። አሸዋው ላይ ይወረውሩታል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢወረውሩት ይቀለኝ ነበር።

አልወረወሩትም። ሌላ አልነበራቸውም።